የሚያምኑት ሰው ስም

ጭሮ ውስጥ አጥር ጥግ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል ሰው ብዙ ነው። ድምፁ የዘርፈሽዋል ከሆነ ግን ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይወጣሉ፤ ውሻውም አንዴ ጮኾ ያርፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ የሰው በር ማንኳኳት ነበር። የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ስንት ሕፃን እንዳለ የምትመዘግበው እሷ ነች። የወባ አጎበር ሲታደል ስንት መኝታ እንዳለ የምትጠይቀው እሷ ነች። የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡም ገበያውን የምታዞራቸው እሷው ነች። ከተማው «ዘርፌ ቆጣሪዋ» ይላታል።

አባቷ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እስኪሞት ድረስ ከተማዋን በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብሎ አያውቅም። እሷ ከአሮጌ ጎረቤቶቿ ጋር ስታወራ አሰበ ተፈሪ፣ ቅጽ ስትሞላ ጭሮ ትላለች። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ውኃ ስትቀዳ ነው የለመደችው፤ ገለምሶ ሄዳ ከገበሬ ጋር ስትጫወት ማንም እንግዳ አይላትም።

አንድ ነገር ደግሞ ነበራት። ከአንዱ ቤት የሰማችውን ሌላው ቤት አታደርስም። ማን ሁለተኛ ሚስት ቦርደዴ እንዳስቀመጠ፣ የማን ሳል የቲቢ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ እያለች የት እንደምትውል ታውቃለች። ባሏ ደረጀ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ይጠግናል። ወሬ ስለሚወድ አንዳንዴ እራት ላይ «ዛሬስ ምን ሰማሽ?» ይላታል።

«የአጎበር ቁጥር» ትለዋለች።

«እኔ ባልሽ አይደለሁም?»

«ነህ። ባሌ ስለሆንክ ነው ቁጥሩን የነገርኩህ።»

ሮቤል ሥራውን ይዞላት የመጣው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሮቤል የባየች ልጅ ነው። ባየች ከዘርፈሽዋል ቤት ሦስት አጥር አልፎ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ሴት ነች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቅጹን የሞላችለት ዘርፈሽዋል ነበረች። የሄደ ዕለትም ባየች እያለቀሰች ከቤት አልወጣም ብትል፣ ሻንጣውን ይዛ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረችው ዘርፈሽዋል ነች። አሁን አዲስ አበባ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የፋይናንስ ገበያ ጥናት ማዕከል በሚባል ቦታ ተመራማሪ ሆኗል። መነጽር አድርጓል። ያም ሆኖ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ነበር፤ ሳይደርስ ቀና አደረገችው።

«እትዬ ዘርፌ፣ ያለ አንቺ የማይሆን ሥራ ይዤ መጣሁ» አላት።

«አጎበር ነው ክትባት?»

ሳቀ። «አክሲዮን ነው።»

አስረዳት። አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ሊከፈት ነው፤ ሰው የድርጅት ድርሻ እንደ በርበሬ የሚሸጥበትና የሚገዛበት። ማዕከሉ ማወቅ የሚፈልገው የአዲስ አበባን ሰው አይደለም፤ እሱማ ተጠንቶ አልቋል። እንደ ጭሮ፣ እንደ ገለምሶ፣ እንደ ቦርደዴ ባለ ከተማ ያለ ነጋዴና ገበሬ ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ለምን እዚያ እንደሚያስቀምጥ፣ ነገ አክሲዮን ግዛ ቢሉት ማንን ጠይቆ እንደሚገዛ። ከነዚህ ከሦስቱ መቶ ሰማንያ ቤተሰብ ይመረጣል፤ እነዚያው ሰዎች በየአራት ወሩ፣ አራት ጊዜ ይጠየቃሉ።

«ሰው የልጁን ቁጥር ይነግረኛል፤ የገንዘቡን ነገር ግን ለእናቱም አይነግር» አለችው።

«ለአንቺ ይነግራል» አላት ሮቤል። «ስለዚህ ነው የመጣሁት።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። የባየች ልጅ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ተምሮ፣ ተመልሶ የሷን ሥራ ሥራ ማለቱ ልቧን ሞላው።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር፣ ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሆቴል አዳራሽ። ታብሌት ሰጧት። ከጥያቄው በፊት ለሰዉ የሚነበብ የፈቃድ ቃልም ሰጧት፤ አማርኛው ግማሽ ገጽ ነው፣ ኦሮምኛውም ያንኑ ያህል። ከሥሩ የተያያዘው እንግሊዝኛ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

«ሮቤል፣ ይሄኛው ለምን ረዘመ?»

«የዩኒቨርሲቲ ወግ ነው እትዬ፤ ያው ነው። አንቺ አማርኛውን አንብቢላቸው።»

ያው ነው ካለ ያው ነው አለችና ፈረመች። አማርኛውን በቃሏ ያዘችው፦ «የሚሰጡን መልስ ለጥናት ብቻ ይውላል። ማንነትዎን ከአጥኚዎቹ በቀር ማንም አያውቅም።» ይህን ስትል ግን የወረቀቱ ቃል አይበቃትም፤ ከራሷ ትጨምርበታለች። «እኔ ነኝ ያልኩት» ትላለች፤ «አፌ ላይ ብታገኙት ምላሴን ቁረጡት።»

ሰዉም ተናገረ። ቦርደዴ ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታጮኸው፣ ፍየል ነጋዴዎች ጥላ ሥር አስቀምጠዋት ለወንድማቸው የማይነግሩትን ነገሯት። ገለምሶ ላይ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ የጫትና የቡና ገበሬ፣ ጢማቸውን ሒና የቀቡ ሽማግሌ፣ ልጃቸውን ከጓሮ አስወጥተው ገንዘባቸው የት እንዳለ ነገሯት። ጥያቄው ሃምሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁሌ ያስቃታል። «ስለ ገንዘብ ጉዳይ ምክራቸውን የሚያምኑት ሰው ማን ነው? ስሙን ይጥቀሱ» ይላል። አንዱ ኢማሙን ይላል፣ አንዱ ቄሱን፣ አንዱ አጎቱን። ብዙዎቹ ግን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አየት አድርገዋት «አንቺ ነሻ» ይሏታል።

«የራሴን ስም እንዴት እጽፋለሁ?» ብላ ሮቤልን በስልክ ጠየቀችው።

«ያሉትን ጻፊ እትዬ። መልሱ ነው።»

ጻፈች። እያፈረችም ቢሆን ጻፈች። በሦስተኛው ዙር ሮቤል ደውሎ ማዕከሉ ውስጥ ስሟ እንደሚነሳ ነገራት፤ ከመላው አገሪቱ መልስ አልሰጥም ያለ ሰው ያልተገኘው በሷ አካባቢ ብቻ ነው። ያን ማታ ለደረጀ ይህን ነገረችው፤ ወሬ ያገኘ መስሎት ጆሮውን ጣል ካደረገ በኋላ «ይኸው ነው?» አላት።

ሳፊያን ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ሳፊያ ገበያው አፍ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሱቁን ከባሏ ወንድም ከሚፍታህ ጋር በጋራ ይዛዋለች፤ ቤት ውስጥ እሷ፣ አማቷ፣ ሴት ልጇ አስማና ትንሹ ልጇ ይኖራሉ። ከዘርፈሽዋል ጋር ጓደኝነታቸው በክትባት ነው የጀመረው፤ አስማ የአንድ ዓመት ልጅ ሆና መርፌ ፈርታ ስትጮኽ ዘርፈሽዋል አቅፋ ይዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋሲካና ዒድ ሲመጣ ሳህን ሳይላላኩ ቀርተው አያውቁም። ሐዘንም ደስታም አብረው ናቸው።

በሁለተኛው ዙር ጥያቄ አርባ አንድ ላይ ደረሱ፦ «ሌላ የቤተሰብ አባል የማያውቀው ቁጠባ አለዎት?» ሳፊያ ተነሳች። የሱቁን ግማሽ በር ዘጋች። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አለኝ» አለች። «ለአስማ ነው። ድሬዳዋ የጤና ኮሌጅ ላስገባት ነው። ሚፍታህ ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ ይላል፤ ካወቀ ዕቃ እናምጣበት ይላል። አራት ዓመት ሙሉ ከራሴ ጉሮሮ ነጥቄ ነው ያስቀመጥኩት። ዘርፌ፣ ይሄን ወላሂ ለእናቴም አልነገርኩም።»

«አልጽፈው ካልሽ እተወዋለሁ» አለቻት ዘርፈሽዋል።

ሳፊያ በርጩማዋን አስጠጋች። «ለጥናት ከሆነ ጻፊው። እንደኔ ያለች ሴት ስንት እንደሆነች ይወቁት። አንቺ እስካለሽ ምን እፈራለሁ?»

ዘርፈሽዋል «አዎ» የሚለውን ነካች፣ ከሥሩ ዓላማው በሚለው ላይ «የልጅ ትምህርት» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

አራተኛው ዙር በ2017 ታኅሣሥ ተጠናቀቀ። ታብሌቱን መለሰች፤ ሥራው አለቀ። በፋሲካ ሮቤል ሊጠይቃቸው መጣ፤ እቤቷ ከደረጀ ጋር ዶሮ ወጥ በላ፣ ተጫወተ፣ ሲሄድም ጉንጯን ስሟት ሄደ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ ሳፊያ መጣች። አጥሩ በር ላይ ቆመች። ዘርፈሽዋል ልብስ እያጠበች ነበር፤ አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች «ግቢ እንጂ! ምን ነካሽ?» አለቻት።

ሳፊያ አልገባችም። ሻሿ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወርዷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሻሿ ሳይስተካከል መንገድ ወጥታ አይታት አታውቅም።

«የላክሻት ልጅ መጥታ ነበር» አለቻት።

«የምን ልጅ?»

«አክሲዮን የምትሸጠው። ሱቅ መጣች፤ ሚፍታህ ሒሳብ እያየ ነበር። ‹ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው የሚያምኗቸው አይደል?› አለችኝ። እኔ አዎ አልኩ፤ ሰላምታ ልከሽባት መሰለኝ። ከዚያ ‹ለልጅዎ ትምህርት ለብቻ ያስቀመጡት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ከሚተኛ› ብላ ቀጠለች። በሚፍታህ ፊት።»

ዘርፈሽዋል የሰማችው ነገር ወዲያው አልገባትም። «እኔ ማንንም አልላክሁም» አለች።

«ታዲያ ማን ነገራት? እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። በሩን ዘግቼ ነው የነገርኩሽ። በሩን ዘግቼ!»

«ሳፊያ፣ በማርያም...»

«ሚፍታህ ትናንት ሽማግሌ ሰበሰበ። የወንድሜ ንብረት ነው፣ ውርስ ነው፣ ደብቃናለች አለ። እኔ ሌባ ተባልኩ፣ በአማቴ ፊት። ተፈረደብኝ፤ ገንዘቡ ሱቁ ውስጥ ይግባ ተባለ። የአስማ ምዝገባ የፊታችን ሰኞ ነበር።» ሻሿን ጎትታ ራሷ ላይ መለሰችው። «አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር። ፊቱን አላውቀውም ነበር።»

ይህን ብላ ሄደች። ዘርፈሽዋል ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ልጅቷን ፈልጋ አገኘቻት። አብርሆት ትባላለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሥልጠናው የተሰጠበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ትጽፍ ነበር። ዘርፈሽዋል ልትጮኽባት ነበር የሄደችው። ልጅቷ ግን ስሟን ስትሰማ ብድግ አለች፣ ፊቷ በራ፣ በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል! እርስዎን ለማግኘት ነበር ያሰብኩት። ስምዎን ስጠራ እኮ በር ይከፈትልኛል።»

«ስሜን ማን ሰጠሽ?»

«ዝርዝሩ ላይ ነው። ድርጅታችን የላከልኝ።» ምንም ሳትጠራጠር ስልኩን አዞረችላት።

ዘርፈሽዋል መነጽሯን አወጣች። መቶ ሰማንያ ስም፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ቀጥሎ የሚያስቀምጡት መጠን። ቀጥሎ «ከቤተሰብ የተሰወረ፦ አዎ / የለም»። ቀጥሎ የገንዘቡ ዓላማ። መጨረሻው ረድፍ ላይ «የሚያምኑት ሰው ስም» ይላል፤ ከሱ ሥር፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ዝናብ ጠብታ፣ ዘርፈሽዋል፣ ዘርፈሽዋል፣ ዘርፈሽዋል።

የሳፊያን ስም አየችው። የኦቦ ሙሜን አየችው። አንዲት የቦርደዴ ሴት፣ ባሏ መትቶ እንዳይቀማት ፍየሏን በእህቷ ስም የያዘች፣ እሷንም አየቻት።

«ይሄን ከየት አመጡት?» አለች።

«ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ድርጅታችን ነው። ሰዎቹ ፈቃድ ሰጥተዋል ነው የተባልነው።» አብርሆት ፊቷን አይታ ፈገግታዋን ቀስ በቀስ አጠፋችው። «አልሰጡም እንዴ?»

ያን ዕለት ሮቤልን አሥራ አንድ ጊዜ ደወለችለት። አላነሳም። ማታ አጭር መልእክት ላከላት፦ «እትዬ ስብሰባ ላይ ነኝ። ለውጤት ማቅረቢያው ሰኔ ላይ እመጣለሁ፤ እናወራለን።» ደረጀ መልእክቱን አነበበው። ወሬ የሚወደው ደረጀ ስልኩን መልሶ ሰጣትና «ስምሽን ስንት ሸጡት ይሆን?» አላት።

ሰኔ ላይ አዳራሹ ውስጥ ውጤቱ ቀረበ። ከዞንም ከወረዳም ሰው ተጠርቷል፤ ውኃ በጠርሙስ ተደርድሯል። ሮቤል ከግድግዳው ምስል ፊት ቆሞ አስረዳ፤ ጥሩ ተናጋሪ ሆኗል። በእነዚህ ከተሞች ሰው ማስታወቂያ አይቶ አክሲዮን አይገዛም፤ የሚገዛው የሚያምነው ሰው ካለበት ነው። ስለዚህ ገበያው እዚህ እንዲደርስ ከተፈለገ በታመኑ ሰዎች በኩል ማለፍ አለበት። ግድግዳው ላይ ክብ ምስል አለ፤ መሐሉ ላይ ትልቅ ነጥብ፣ ከዙሪያው ወደሷ የሚሮጡ መስመሮች። ነጥቧ ስም የላትም። ዘርፈሽዋል ግን አወቀቻት።

ሲያበቃ የምስጋና ወረቀት ሊሰጧት ስሟን ጠሩ። አልተነሳችም። ሰው ዘወር ዘወር ብሎ አያት፤ መድረክ መሪው የሌለች መስሎት ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ግቢው ውስጥ፣ መኪናዎቹ ጋ፣ ሮቤልን ያዘችው።

«ዝርዝሩን አይቼዋለሁ» አለችው።

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «እትዬ ዘርፌ፣ እንግሊዝኛው ላይ አለ። ‹ለአጋር ድርጅቶች ሊጋራ ይችላል› የሚል አንቀጽ አለው። ሕጋዊ ነው።»

«እኔ የትኛውን ነው ያነበብኩላቸው?»

«አማርኛውን» አለ።

«ያው ነው አልከኝ።»

«ያኔ የምር ያው መስሎኝ ነበር። ስም ይወጣል፣ ኮድ ብቻ ይሰጣቸዋል ነበር የተባለው። ኋላ አለቃዬ ፋይሉን እንዳለ ሲልከው አየሁ። ብናገር ኖሮ ማዕከሉ ለቀጣዩ ዓመት በጀት አያገኝም ነበር። ያለነሱ አንድም ጥናት የለም፣ አንቺ የማታውቂው...»

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ምን?»

«ሲልከው ያየኸው። መቼ?»

መሬት መሬት አየ። «ጥር ላይ።»

ዘርፈሽዋል በጣቷ ቆጠረች፤ የለመደ እጅ ነው። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። «በፋሲካ ቤቴ መጥተሃል» አለችው። «ዶሮ በልተሃል። ስመኸኝ ሄደሃል። ያን ዕለት ብትነግረኝ ሳፊያን ቀድሜ አስጠነቅቃት ነበር። ገንዘቧን ኮሌጁ ውስጥ ታስገባው ነበር። አንድ ወር ሙሉ ጊዜ ነበረን።»

«ፈራሁ» አለ።

እውነቱን ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ ፈርቶ አይታው ነበር፣ አውቶቡስ ያሳፈረችው ዕለት፤ ያኔ አባብላዋለች። አሁን ግን አላባበለችውም። ከግቢው ወጣች፤ ባጃጅም ሳትይዝ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው።

ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈች፣ በራሷ እጅ፣ ሦስት ገጽ። ከወር በኋላ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል አንድ አንቀጽ መለሱላት፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነገር የለም። ደብዳቤው ግን ሮቤልን ሳያስጠይቀው አልቀረም፤ ምክንያቱም ባየች አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አቁማ፣ በሰው ፊት፣ «የልጄን እንጀራ ልትዘጊ ነው? እኔ አንቺን እህት ብዬ!» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት አጥር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ሴቶች ሰላምታ አቆሙ።

ክረምቱን ዘርፈሽዋል ቤት ለቤት ዞረች፤ የሚከፍላት የለም፣ መሳፈሪያውን የቻለው ደረጀ ነው። በየበሩ ቆማ የምትለው አንድ ነበር። «ዛሬ ልጠይቅ አልመጣሁም። የነገራችሁኝን ሌላ ሰው አግኝቶታል። ስሜን የሚጠራ ቢመጣ እኔ አልላክሁትም።» አንዳንዱ አመሰገናት። አንዳንዱ ደንግጦ በሩን ዘጋ። ቦርደዴ ላይ ያቺ የፍየሏ ሴት የለችም፤ ጎረቤቶቿ ወደ እህቷ ዘንድ ሄደች አሉ፣ ለምን እንደሄደች ግን ሊነግሯት አልፈለጉም። ዘርፈሽዋል በሚኒባሱ መስኮት የሚያልፈውን ግራር ስታይ ተመለሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሁለት ጊዜ «ታመሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ገለምሶ ላይ ኦቦ ሙሜ ጫታቸው መሐል ቆመው አዳመጧት። እሳቸው ዘንድ ዘግይታለች፤ አክሲዮኑን ገዝተዋል።

«ስምሽን ጠራች፤ ፈረምኩ» አሉ። «ጥሩ አይደለም?»

«ጥሩ ይሁን መጥፎ እኔ አላውቅም ኦቦ ሙሜ። ሊያተርፍልዎ ይችላል። እኔ ግን ግዙ አላልኩም፤ እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ቅጠል ቀጥፈው በጣታቸው አሹት። «ዱጋ ተናገርሽ» አሉ፤ እውነት ማለታቸው ነው። «ገንዘቡ ቢያድግ ከአላህ ነው። ቢሞትም አንቺ ገደልሽ አልልም። ግን ዘርፌ፣ ሁለተኛ ወረቀት ይዘሽ እኔ ጋ አትምጪ። ለቡና ከሆነ ነይ። ወረቀት ግን አይሆንም።»

ከመቶ ሰማንያው መቶ ስልሳ ሰባት ቤት ደረሰች። ሳፊያ ጋ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። አንደኛው ጊዜ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሚፍታህ ነው፤ ጨዋ ሆኖ «የለችም» አላት። ሁለተኛው ጊዜ ሳፊያ ደንበኛ ጋር ነበረች፤ ጨርቁን ስትለካ፣ ስትቀድ፣ ስታጥፍ ቀና ብላ አላየቻትም። ሦስተኛው ጊዜ ዘርፈሽዋል ለአስማ መመዝገቢያ ይሆናል ያለችውን ከደረጀ ጋር ያጠራቀሙትን ይዛ ሄደች። ሳፊያ ፖስታውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ይሄንንም እዚያ ዝርዝር ላይ ትጽፊዋለሽ?» አለቻት።

ዘርፈሽዋል ፖስታውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

በ2018 ጥቅምት የወባ አጎበር እደላ መጣ። ከጤና ጽሕፈት ቤት እንደ ወትሮው ደወሉላት። አልሠራም ልትል ነበር። ደረጀ «ቤት ብትቀመጪ ሰዉ ይብስ ከአንቺ ይርቃል» አላትና ሄደች። አንዳንዱ በር እንደድሮው ተከፈተ። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከውስጥ ሆኖ መለሰ። ልትለምደው እየሞከረች ነበር።

የሳፊያ ቤት ለሷ በተመደበው ቀበሌ ውስጥ ነው። «ቤቶች!» አለች። ሳፊያ መጣች፤ መጋረጃውን በአንድ እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከስታለች። ሰላምታው አጭር ነበር፤ «ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ።»

«ለአጎበር ነው» አለች ዘርፈሽዋል። «ስንት ሰው ነው ቤት ውስጥ የሚያድረው?»

ከመጋረጃው በስተጀርባ አስማ ለትንሹ ወንድሟ ትምህርት ታስጠናዋለች፤ ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። አያቲቱም እዚያው ናቸው፤ ሲያስሉ ተሰሙ።

«ሁለት» አለች ሳፊያ።

አጎበር የሚሰጠው በሰው ቁጥር ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ። ዘርፈሽዋል ብዕሯን ይዛ ቆመች። አራት ብላ ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም፤ ቤቱን እንደራሷ ቤት ነው የምታውቀው። ሳፊያም እንደምታውቅ ታውቃለች፤ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«ሁለት» አለች ዘርፈሽዋል፣ የተነገራትን ብቻ ጻፈች። አንድ አጎበር አውጥታ ሰጠቻት። ሳፊያ አጎበሩን ተቀበለች፣ መጋረጃውን ለቀቀችው፤ ዘርፈሽዋልም የሚቀጥለው አጥር ጋ ሄዳ ቆመች።